አንዲት የእንጨት ሴት፣ ስድስት እጅ

ሦስት ጎልማሶች አንዲት አሻንጉሊት ከበው ቆመዋል። አንደኛው ግራ እጁን ከጀርባዋ አስገብቶ ራሷን ደግፏል፣ በቀኝ እጁ ደግሞ ቀኝ እጇን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው የግራ እጇ ኃላፊ ነው። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ እግሯን ይሠራል። እግሯን ይይዛል ማለት ግን አይቻልም፤ ሴቲቱ እግር የላትምና። የኪሞኖዋን ጫፍ ከውስጥ እየያዘ፣ በጡጫው እየገፋ ነው የሚያስኬዳት፣ የሚያስቀምጣት፣ የሚያንበረክካት። ሦስቱ ሰዎች በድምሩ ስድስት እጅ አላቸው። አምስቱ እሷ ላይ ተጠምደዋል፤ ስድስተኛው ደብዳቤ ለማቀበልና ማራገቢያ ለማንሳት ተርፏል። ይህ ሁሉ ሰው የተሰለፈው አንገቷን ዘንበል አድርጋ በእጅጌዋ ጫፍ እንባዋን እንድትጠርግ ነው።

ቡንራኩ ይባላል። የጃፓን፣ ይበልጥ በትክክል የኦሳካ ከተማ፣ የአሻንጉሊት ቴአትር ነው። አሻንጉሊት ስለተባለ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ዕዳ፣ ክህደት፣ ደም መመለስና ራስን ማጥፋት የሞላበት የአዋቂዎች ድራማ ነው። ስለ ውበቱ የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኔን የያዘኝ ሒሳቡ ነው፤ ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል ዘመን፣ ለምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚወጣ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ፣ ከእግር እንጀምር። እግር የሚይዘው ሰው የሙያው ጀማሪ ነው። በባለሙያዎቹ ዘንድ ሲነገር የኖረው ስሌት ለእግር 10 ዓመት፣ ለግራ እጅ ሌላ 10 ዓመት የሚል ነው፤ ራስ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ግራ እጅ ላይ 15 ዓመት የሚቆይም አለ። በ18 ዓመቱ ሙያውን የጀመረ ወጣት በመካከሉ ጥቃቅን ሚናዎች ይሰጡት ይሆናል፤ ከታላላቆቹ ገጸ ባሕርያት የአንዱን ራስ የሚጨብጠው ግን 40ኛ ዓመቱን ሲይዝ ወይም ሲሻገር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ተማሪ ሕክምና ገብቶ በልዩ ሙያ እስኪመረቅ ያለው ጊዜ ከዚህ ሰው የእግር ዘመን ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ ሲጨርስ ስሙ በር ላይ ይለጠፋል። እግር ያዡ ግን እነዚያን 10 ዓመታት ሙሉ ጥቁር ለብሶ፣ ፊቱን በጥቁር ጨርቅ ከልሎ፣ ወገቡን አጥፎ ሲሠራ ተመልካቹ መልኩን እንኳ አያውቀውም።

የእግሩ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወንድ አሻንጉሊት እግር ስላለው ተረከዙ ላይ ያለውን መያዣ ጨብጦ ማራመድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ፣ ሰካራም፣ የጦር አለቃና ነጋዴ አንድ ዓይነት አይራመዱም። አሻንጉሊቱ በቁጣ መሬቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከእንጨት እግሩ አይወጣም፤ እግር ያዡ በራሱ እግር እየረገጠ የሚያወጣው ነው። በዚያ ላይ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ በቃል የሚነግረው የለም። ክንዱን ከዋናው አንቀሳቃሽ ወገብ ጋር አስነክቶ ነው የሚያነበው፤ ወገቡ ወዴት እንዳዘነበለ፣ የትኛው ጉልበት እንደተዘጋጀ። ራሱን የያዘው ሰው በአሻንጉሊቱ አንገትና ትከሻ ቅንጣት የምታህል ምልክት ይሰጣል፤ ሁለቱ ረዳቶች ያችን ምልክት ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ሰከንድ ቢዘገዩ አሻንጉሊቱ ሰው መሆኑ ቀርቶ በሦስት ሰዎች መካከል የተንጠለጠለ ጨርቅ ይሆናል።

ዋናው አንቀሳቃሽ ከሁለቱ ረዳቶች ከፍ ብሎ ይቆማል፤ እነሱ የሚሠሩበት ቦታ እንዲያገኙ። ለዚህም ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ጫማ ይጫማል። ድምፅ እንዳያሰማና እንዳያንሸራትት ከሥሩ የገለባ ነጠላ ጫማ ይታሰርበታል። ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላም ወደ ጎንም እየሄደ፣ በግራ እጁ ብቻ አሻንጉሊቱን በአየር ላይ ያቆማል። አሻንጉሊቱ ከ130 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የጦር ልብስ የለበሰ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ያልፋል። እስቲ 10 ኪሎ ጤፍ በአንድ እጅ ከደረታችሁ ፊት ከፍ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ቁሙ፤ ፊታችሁ ላይ ምንም እንዳይነበብ። ዋናው አንቀሳቃሽ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ሳይሸፍን ነው የሚሠራው፤ አሻንጉሊቱ ሲያለቅስ እሱ የድንጋይ ፊት ይዞ ይቆማል።

እዚህ ላይ የራሴን ግምታዊ ስሌት ላስገባ። እግር ያዡ 5 ዓመት፣ ግራ እጅ ያዡ 15 ዓመት፣ ዋናው 35 ዓመት ሠርተዋል እንበል። አንድ አሻንጉሊት 55 ዓመት ልምድ ተሸክሞ ይቆማል ማለት ነው። ፍቅረኛሞች ሁለት ስለሆኑ 110። ከመድረኩ በስተቀኝ የሚቀመጡት ተራኪውና ሙዚቀኛው እያንዳንዳቸው 40 ዓመት ከሠሩ 190 ደረስን። ስምንት ሰዎች፣ 190 ዓመት፣ ሁለት የእንጨት ፍቅረኛሞች። ይህ ደግሞ ልብስ ሰፊውን፣ ፀጉር ሠሪውንና ራስ ጠራቢውን ሳንቆጥር ነው።

አሻንጉሊቱን ገልባችሁ ብታዩት ውስጡ ባዶ ነው። አካል የለውም። የትከሻ ሳንቃ፣ የወገብ የቀርከሃ ቀለበት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ጨርቅ፣ በገመድ የተንጠለጠሉ እጆች፣ በቃ። ልብሱን ልክ አድርጎ የሚያለብሰው ራሱ አንቀሳቃሹ ነው፤ ደረት የሚወጣውም ወገብ የሚቀጥነውም በእሱ እጅ ነው። ሀብቱ ያለው ራስ ላይ ነው። ሂኖኪ ከሚባል የጃፓን ጽድ ይጠረባል፣ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ዓይንና ቅንድብ የሚያንቀሳቅሱ ክሮች ይገቡበታል። ክሩ ሲለቀቅ ዓይኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው የብረት ስፕሪንግ አይደለም። በአንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች አፍ ውስጥ በጥርስ ፈንታ የሚበቅል ጠንካራና ተጣጣፊ ሳንቃ አለ፤ ከእሱ የተቀደደ ቅጠል ነው ስፕሪንግ የሚሆነው። ከትልልቆቹ የባሕር ፍጥረታት አንዱ አንዲት የእንጨት ልጃገረድ ዓይኗን ጨፍና እንድትገልጥ አስተዋጽኦ አድርጓል ማለት ነው! በዚያም ላይ ብዙዎቹ የሴት ራሶች አፋቸው አይከፈትም። ከአፋቸው ጥግ የምትገኝ አንዲት መርፌ ብቻ አለች፤ ሴቲቱ ለቅሶዋን አፍና እጅጌዋን ስትነክስ ጨርቁ የሚያዘው በዚያች መርፌ ነው።

ፊቱ ከባሕር ዛጎል ዱቄትና ከሙጫ በተሠራ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ለአዲስ ሚናም እንደገና ይቀባል። ፀጉሩ የሰው ፀጉር ነው፣ የያክ ጭራም ይገባበታል፤ በመዳብ ቆብ ላይ ተተክሎ እንደ ገጸ ባሕርዩ ይሠራል። ትርኢቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲያበቃ ሁሉም ይፈታል። ልብሱ ወደ ልብስ ክፍል፣ ራሱ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። ያ በፍቅር የሞተው ወጣት ከዚያ በኋላ የለም፤ ራሱ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይሆናል።

ድምፁስ? የሁሉም ድምፅ አንድ ሰው ነው። ታዩ ይባላል። በመድረኩ ጎን በምትሽከረከር መደብ ላይ ከሙዚቀኛው ጋር ይቀርባል፣ ጽሑፉን በሁለት እጁ ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ያከብራል፣ ከዚያ ይጀምራል። አሮጊቷ እሱ ነው፣ ሕፃኑ እሱ ነው፣ ሳሙራዩ፣ አራጣ አበዳሪው፣ ስለ በረዶው የሚናገረው ተራኪ ሁሉም እሱ ነው። አንዳንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያንን በአንድ ጉሮሮ ይወጣዋል። ማይክሮፎን የለም። በኦሳካ ያለው ብሔራዊ የቡንራኩ ቴአትር 750 ገደማ መቀመጫ አለው፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ሰውም ሹክሹክታውን መስማት አለበት። ድምፁ ከሆድ እንዲወጣ ታዩው ሆዱን በመታጠቂያ ጠበቅ አድርጎ ያስርና አሸዋና ትንንሽ ቀይ ቦሎቄ የተሞላ ከረጢት ደረቱ ላይ ይወትፋል። ከእነዚህ ሰዎች ስመ ጥሩ የሆነው፣ ስሙንም ሰባተኛ ሆኖ የወረሰው ታኬሞቶ ሱሚታዩ በ1946 ጀምሮ በ2014፣ በ89 ዓመቱ አቆመ። 68 ዓመት መጮህ፣ ማልቀስ፣ መሳቅ፣ በሌላ ሰው ስም።

ከጎኑ ያለው ሙዚቀኛ የሚመታው ሻሚሴን ሦስት አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ለቡንራኩ የሚሆነው አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ከባድ የሆነው ዓይነት ነው። ኖታ አይዘረጋም፤ ሁሉም በቃል ነው። ሲመታ ታዩውን ማጀብ ብቻ አይደለም ሥራው፤ እየገፋው፣ እያስቆመው፣ አንዳንዴም እየታገለው ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ 1703 እንመለስ፤ የቡንራኩ ሒሳብ በእውነተኛ ገንዘብ የሚነገረው እዚያ ላይ ነውና። ታኬሞቶ ጊዳዩ የሚባል ባለ ትልቅ ድምፅ ተራኪ በ1684 በኦሳካ፣ ዶቶንቦሪ በሚባለው ሰፈር፣ ታኬሞቶ-ዛ የተሰኘውን ቴአትር ቤት ከፍቶ ነበር። ቤቱ 19 ዓመት ሲሆነው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። በዚያው ዓመት በአራተኛው ወር በሶኔዛኪ ቅዱስ ደን ውስጥ አንድ የሱቅ ሠራተኛና አንዲት የመዝናኛ ቤት ሴት አብረው ሞተው ተገኙ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ከሳሙራይ ቤተሰብ የተወለደው ደራሲ ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን ተውኔቱን ጽፎ፣ ዜማው ተዘጋጅቶ፣ አሻንጉሊቶቹ ተለማምደው መድረክ ላይ የወጣው በአንድ ወር ውስጥ ነው። አንድ ወር! የሟቾቹ መቃብር ሣር ሳያበቅል ታሪካቸው በእንጨት ሰዎች ይነገር ጀመር። ተመልካቹ ጎረፈ፤ ዕዳውም ተከፈለ።

በተውኔቱ ውስጥ ወጣቱ ቶኩቤይ 25፣ ፍቅረኛው ኦሃትሱ 19 ዓመታቸው ነው፤ በጃፓን ልማድ ሁለቱም ቁጥሮች፣ 25 ለወንድ፣ 19 ለሴት፣ ክፉ ዕድል የሚያመጡ ዕድሜዎች ናቸው። የሚገድላቸው ገንዘብም በትክክል ተነግሯል፤ ሁለት ካን ብር። አንድ ካን 3.75 ኪሎ ስለሆነ 7 ኪሎ ተኩል ብር መሆኑ ነው። ቶኩቤይ በግድ ሊድሩት ያሰቡት ዘመዶቹ የተቀበሉትን ጥሎሽ ለመመለስ የያዘውን ይህን ገንዘብ ለጓደኛው አበደረ፤ ጓደኛው ካደው፣ ይባስ ብሎም ማኅተም አጭበርባሪ አደረገው። ከዚያ በፊት የአሻንጉሊት ቴአትር ጀግኖች የጥንት ጦረኞች ነበሩ። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ የኖረን የሱቅ ልጅ፣ በኪሎ በተመዘነ ዕዳ ምክንያት፣ የአሳዛኝ ተውኔት ዋና ሰው በማድረግ ቺካማትሱ የመጀመሪያው ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከመቶ በላይ የአሻንጉሊት ተውኔት ጽፏል። እኔ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ይህንኑ እወስዳለሁ።

ጥሩ ነገር ጣጣ አለው። አብሮ መሞት ፋሽን ይመስል ተዛመተ፤ መንግሥት በ1723 እንዲህ ያሉ ተውኔቶችን ከለከለ። በሕይወት የተረፉ ጥንዶች ሦስት ቀን በአደባባይ እንዲታዩ ተደርጎ ከማኅበረሰቡ ወለል በታች ይወረወሩ ነበር። የሶኔዛኪው ተውኔት ከመድረክ ጠፋ፤ በአዲስ ዝግጅት የተመለሰው በ1955 ነው። ከመጀመሪያው ትርኢት 252 ዓመት በኋላ።

በዚያ መመለሻ ላይ አንድ ችግር ተነሣ፤ የእግር ችግር። ቶኩቤይ ከቤቱ ወለል ሥር ተደብቋል። ኦሃትሱ ከላይ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ፣ ሌሎች ሰዎች እየሰሙ፣ አብሯት ለመሞት ቆርጦ እንደሆነ በእግሯ ትጠይቀዋለች። እሱ ባዶ እግሯን ይዞ ጉሮሮው ላይ ያስኬደዋል፤ መልሱ ይኸው ነው። ነገር ግን ሴት አሻንጉሊት እግር የላትም! ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ደንብ ነው። ቶኩቤይን የሚያንቀሳቅሰው የመጀመሪያው ዮሺዳ ታማኦ እግሩ መታየት አለበት አለ፣ ሆነም። አንዲት ነጭ የእንጨት እግር ተሠራች፤ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ከኪሞኖው ሥር ትወጣለች። ታማኦ ከዚያ በኋላ ቶኩቤይን ከ1,100 ጊዜ በላይ ተጫውቶታል። ከ1,100 ጊዜ በላይ ያችን እግር ይዞ ጉሮሮ ላይ አስኬዷታል። እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ ከሁሉም በላይ የደነቀኝ በ900ኛው ጊዜም በጥንቃቄ መያዙ ነው።

ሦስት ሰው ለአንድ አሻንጉሊት የሚለው ነገር በ1703 አልነበረም። ያኔ ኦሃትሱን ታትሱማትሱ ሃቺሮቤይ የሚባል ባለሙያ ብቻውን ነበር የያዛት። ሦስቱ የመጡት በ1734 ነው፤ የሰው መልክ ይዛ ሰው ያገባች ቀበሮ ልጇን ጥላ የምትሄድበት ታሪክ ባለበት ተውኔት። ለምን? ፉክክር ነው። የጊዳዩ ተማሪ የነበረ ተራኪ በ1703 ቶዮታኬ-ዛ የተባለውን ተቀናቃኝ ቴአትር ቤት በዚያው ሰፈር ከፍቷል፤ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ። አንዱ የሚገለጥ ዓይን ሲያመጣ ሌላው የሚታጠፍ ጣት ያመጣል። ወጪን በሦስት ማባዛት የንግድ እብደት ነው፤ በዚያ ገበያ ግን ተመልካች አመጣ። ከተማው ደግሞ ይከፍላል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኦሳካ 380,000 ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1715 የወጣው፣ ኮክሰንያ ስለተባለ የጦር አለቃ የሚተርከው የቺካማትሱ ተውኔት በዚህች ከተማ፣ በአንድ ቤት፣ 17 ወር ያለማቋረጥ ታይቷል። ሕያው ተዋንያን ያሉት ካቡኪ በዚያ ዘመን ከእንጨት ሰዎች ተውኔት እየወሰደ ነበር የሚኖረው።

ከ1746 እስከ 1748 ያሉትን ዓመታት አስቡ። ሁለተኛው ታኬዳ ኢዙሞ፣ ሚዮሺ ሾራኩና ናሚኪ ሴንሪዩ፣ ክፍሎቹን ተከፋፍለው እየጻፉ፣ በሦስት ዓመት ሦስት ተውኔት አወጡ። ሦስቱም ዛሬ ድረስ የቡንራኩም የካቡኪም ምሰሶዎች ናቸው። የሦስተኛው ስም ካናዴሆን ቹሺንጉራ ነው፤ ጌታቸውን ያጡ 47 ሳሙራዮች በትዕግሥት ቆይተው የጌታቸውን ደም የሚመልሱበት። እውነተኛው ጉዳይ የጀመረው በ1701 በቤተ መንግሥት በተመዘዘ ሰይፍ ነው። መንግሥት ስለ ቅርብ ጊዜ ፖለቲካ መጻፍ ስለከለከለ ደራሲዎቹ ታሪኩን ወደ 14ኛው መቶ ዘመን አሸሹት፤ የተታለለ ግን አልነበረም። የጃፓን የፊደል መቁጠሪያ ቅደም ተከተል ደግሞ 47 ፊደል አለው፣ ለእያንዳንዱ ሳሙራይ አንድ። ከ1701 እስከ 1748 ስትቆጥሩም 47 ነው። ይኸኛው አጋጣሚ ይሁን ተንኮል እኔ አልፈርድም።

አሥራ አንድ ክፍል አለው። ሙሉው ሲታይ ዐሥር ሰዓታት ያህል ይፈጃል፤ ተመልካቹ ምሳውንም እራቱንም ይዞ የሚመጣበት ቴአትር ነው። አራተኛው ክፍል ላይ፣ ጌታው ሆዱን በሰይፍ የሚቀድበት ጊዜ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ በር ይዘጋል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም፣ ምግብም አይመጣም። በዘጠነኛው ክፍል ምክንያት ደግሞ ጠብ ተነሣ። ዋናው አሻንጉሊት አንቀሳቃሽ ዮሺዳ ቡንዛቡሮ አሻንጉሊቱ እንቅስቃሴውን እስኪጨርስ ትረካው ትንሽ ይጠብቀኝ አለ። ተራኪው ታኬሞቶ ኮኖታዩ አሻፈረኝ አለ። ስለ ጥቂት ሰከንዶች የተነሣው ጭቅጭቅ ከረረና ኮኖታዩ ቤቱን ጥሎ ወደ ተቀናቃኙ ቶዮታኬ-ዛ ሄደ። ለሦስት ክፍለ ዘመን ያህል የዘለቀ ተውኔት በተከፈተበት ወቅት ትልቁን ድምፁን ያጣው በጥቂት ቅጽበቶች ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ወደ ታች መሄድ ይጀምራሉ። ቶዮታኬ-ዛ በ1765፣ ታኬሞቶ-ዛ በ1767 ተዘጉ። ጥበቡ ግን በከተማው ብቻ አልነበረም። ከኦሳካ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለችው፣ ስፋቷ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የአዋጂ ደሴት በ18ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከ40 በላይ የአሻንጉሊት ቡድኖችና ከ900 በላይ አሻንጉሊት ተጫዋቾች ነበሯት። ኦሳካ ገብቶ ጥበቡን የታደገው፣ ቡንራኩም ስሙን የወረሰው ኡኤሙራ ቡንራኩኬን የዚያች ደሴት ሰው ነው። ዛሬ በኦሳካው ማኅበር ያሉት ተራኪዎች፣ ሻሚሴን መቺዎችና አንቀሳቃሾች አንድ ላይ ተደምረው ከ80 እስከ 90 ቢሆኑ ነው። በአንድ ደሴት ላይ ከነበሩት አንድ አሥረኛ።

በመካከሉ እሳት አለ። በ1926 የኦሳካው የቡንራኩ ቴአትር ቤት ተቃጠለ፤ በርካታ ራሶች አብረው ነደዱ። በመጋቢት 1945 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ኦሳካን ሲያነዱ የተተካውም ቤት ሄደ፣ ራሶቹም ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ መድረክ ላይ የወጡትን ራሶች አብዛኞቹን የጠረበው የቶኩሺማው ጠራቢ ኦኤ ሚኖሱኬ ነው። የቀሩት ጥቂት ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ላይ መቆየት አልቻሉም። በ1948 በሠራተኛ ማኅበር ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ዳግም አንድ የሆኑት በ1963 ነው። አንድን አሻንጉሊት ያለ ቃል ለሦስት ሆነው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ለመነጋገር 15 ዓመት ፈጀባቸው። ይህ ያሳዝናል፣ ትንሽም ያስቃል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የኖረ ሰው ነበር። ሦስተኛው ዮሺዳ ሚኖሱኬ በ1940፣ በስድስት ዓመቱ፣ ለአንድ ታላቅ አንቀሳቃሽ በደቀ መዝሙርነት ገባ። ቦምቡን አይቷል፣ ክፍፍሉን አይቷል። በሴት ገጸ ባሕርያት የሚተካከለው ጥቂት ሆነ፤ መንግሥትም ሕያው ብሔራዊ ሀብት ብሎ ሰየመው። በ1998 የአንጎል ደም መፍሰስ ጣለው፤ በቀጣዩ ዓመት አሻንጉሊቱን ይዞ ተመለሰ። መድረኩን የተሰናበተው በሚያዝያ 2021፣ በ87 ዓመቱ ነው። 81 የሥራ ዓመት። ሰው ያን ያህል በሚኖርባት ሀገር እንኳ ይህ የሰው ዕድሜ እንጂ የአገልግሎት ዘመን አይደለም።

የአሁኑን ጊዜ ባጭሩ። መንግሥት በ1972 የሁለት ዓመት ሥልጠና ከፈተ፤ ዛሬ ካሉት ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ የዚያ ፍሬዎች ናቸው። በ1984 ብሔራዊው ቴአትር በኦሳካ ተመረቀ። ዩኔስኮ ቡንራኩን በ2003 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ አወጀው፣ በ2008 መዝገቡ ላይ አሰፈረው። የዩኔስኮ መዝገብ ግን ደመወዝ አይከፍልም፤ በ2012 የኦሳካ ከተማ አስተዳደር ድጎማውን በሩብ ቀነሰ። በቶኪዮ ቡንራኩ ይታይበት የነበረው ብሔራዊ ቴአትር በ2023 ለእድሳት ተዘጋ፣ ግንባታውን የሚረከብ ተቋራጭም ጠፋ። በዚያው በ2023 ለሥልጠናው ያመለከቱት ሰዎች ቁጥር፣ ከ1972 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዜሮ ሆነ።

ሥልጠናው ክፍያ የለውም። የሚቀበለው ቢያንስ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ፣ ከ23 ዓመት ያልበለጡ ወንዶችን ነው። በወንድ ብቻ መገደቡ አመልካች እየጠፋም ሊዘልቅ መቻሉን እጠራጠራለሁ። ለማንኛውም በ2026 አንድ የ18 ዓመት ልጅ ቢመዘገብ በ2028 ይመረቃል። እስከ 2038 እግር ይይዛል፣ እስከ 2048 ወይም እስከ 2053 ግራ እጅ። ራስ ሲጨብጥ 40 ወይም 45 ዓመት ይሆነዋል። እንደ ሚኖሱኬ እስከ 87 ዓመቱ ካገለገለ የሚሰናበተው በ2095 ነው፤ እግርና ግራ እጅ የሚይዙለት ሁለት ልጆች እስከዚያ ካልጠፉ።